አፍንጫቸውን የነፈጉት አማ ጃሚ

አኩራፊ የሌለበት መንደር የለም። አለ የሚል ካለ፣ ወይ መንደሩን አያውቀውም፣ ወይ አኩራፊው እሱ ራሱ ነው። የአኩራፊው ዓይነት ግን ይለያያል። አንዱ ምግብ ይተዋል፤ አንዱ በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሰላም ሲሉት ሰማይ ሰማዩን ያያል። የመንደራችን የዋዱሜአ አኩራፊ ክቡር አማ ጃሚ ግን ዘንባባ ላይ ይወጣሉ።

መውጣታቸው ራሱ አያስገርምም። በደሴታችን በሳቡ በበጋ ወንዱ ሁሉ ጠዋትና ማታ ዘንባባ ላይ ይወጣል። የአበባውን ዘንግ በቢላ ገሸለጥ አድርጎ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውኃ በቅጠል ባልዲ ይቀዳል፤ ሴቶቹ ደግሞ ያንን ውኃ እንደ ማር እስኪወፍር አፍልተው ስኳር ያደርጉታል። ዝናብ እስኪመጣ የምንበላውም የምንጠጣውም እሱን ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው ሰው ቀድቶ ይወርዳል፤ አማ ጃሚ ከተቀየሙ ቀድተው እዚያው ይቀመጣሉ። ሊያናግራቸው የፈለገ አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ ይጮኻል። ምን ሆነው ነው ሲሏቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "እኔ? እኔ ምንም አልሆንኩም።"

ታናሽ እህታቸው ኢና ፒጋ፣ የፒጋ እናት ማለት ነው፣ ይህን መልስ ስትሰማ ስልሳ ዓመት አልፏታል። በሰማችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

የቅያሜያቸውን ዝርዝር በቃሏ ትወጣዋለች። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች ሲመሰገኑ ሰባኪው የአማ ጃሚን ስም ሦስተኛ ላይ ጠራ። አማ ጃሚ ሰባት ወር ሙሉ ስብከቱን ከመስኮቱ ውጪ፣ ሁመር ዛፍ ሥር ቆመው ሰሙ። መዝሙር ሲደርስ ግን ውስጥ ካሉት ሁሉ ጮክ ብለው ይዘምሩ ነበር፤ የተቀየሙት ሰባኪውን እንጂ መዝሙሩን አይደለም። በአንድ ለቅሶ ላይ ለታላቅ ሰው የሚገባው የአሳማ መንጋጋ ለሌላ ደረሰ። እሳቸው የደረሳቸውን ጎድን የባለ ለቅሶው አጥር ላይ ሰቅለውት ሄዱ። በማግስቱ ከሁሉ ቀድመው መቃብር ሲቆፍሩ የተገኙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሥጋውን የከፋፈለው ሟቹ አይደለም ብለው። የጎረቤት ፍየል ማሾአቸውን ስትበላባቸው ደግሞ ጎረቤቱን ምንም አላሉትም። ፍየሏን ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩባታል።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ እህታቸው ላልሆነ ሰው። እያንዳንዱ ቅያሜ ሲነሳ ዘንባባው ሥር ሄዳ የምትቆመው ማን ሆነችና ነው የሚሳቀው? ሰባኪው የላከው ኢና ፒጋን ነው። ባለ ለቅሶው የላከው ኢና ፒጋን ነው። የፍየሏ ባለቤት ሳይቀር "እባክሽ ለፍየሏ አማልጂኝ" ብሏታል፤ እየቀለደም አልነበረም።

አሁን ደግሞ የራሷ ጉዳይ መጣ። በሳቡ ሰላምታ በአፍንጫ ነው። አፍንጫ ከአፍንጫ ተጠግቶ፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ተቀባብሎ፣ ሰው ከሰው ጋር ተገናኘሁ የሚለው ያኔ ነው። አፍንጫ የተነፈገ ሰው በአደባባይ እንደተሰደበ ይቆጠራል። በሰርግ ላይማ ነገሩ ይብሳል። የሙሽራው ወገን ከድንጋይ አጥሩ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ የሙሽሪት እናት ወንድም፣ ቀጥሎ እናቲቱ ራሷ ወጥተው ለሙሽራው አፍንጫቸውን ካልሰጡት አንድም እግር አጥሩን አያልፍም፤ ድግሱም ይበተናል። ኢና ፒጋ አንዲት ልጇን ቅዳሜ ልትድር ነው። ያላት ወንድም አንድ ብቻ ነው። እሱም ዘንባባ ላይ ነው።

ያበሳጫቸው ሙሽራው ነው። ሉጂ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት፣ የእጁ ጽሑፍ የሚያምር፣ ክፋት የሌለበት ልጅ። ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ቅጽ መጣለት፤ እያንዳንዱ መንደር ማንነቱን በሰሌዳ ጽፎ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያቁም የሚል። ሉጂ ቅጹን ሞላ፣ ማኅተም አስመታ፣ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም አንድ በአንድ ገለበጠው። ሰሌዳው ሦስት ሳምንት ቆመ። መንደርተኛው ሁሉ ፊደሉን አደነቀ። ያነበበው አልነበረም።

እሑድ ዕለት አማ ጃሚ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰሌዳው ፊት ቆሙና በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ሉጂ፣ ዘንባባ ቀጂዎች አሥራ አንድ ይላል። እኔ ስንተኛው ነኝ?"

"እርስዎ እዚያ ውስጥ የሉም አማ። እርስዎ እዚህ ጋ ነዎት፣" ልጁ በትህትና ጣቱን ዝቅ አደረገ፤ "ሥራ የማይሠሩ አረጋውያን፣ ሃያ ሦስት።"

አማ ጃሚ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ያን ዕለት ጠዋት አሥራ አራት ዘንባባ ወጥተው ወርደዋል። ልጁ ሊሰናበታቸው አፍንጫውን ሲያስጠጋ በአጠገቡ እንደ ግድግዳ አልፈውት ሄዱ።

ሰኞ ሰባኪው ተላከ። ማክሰኞ የሉጂ አጎቶች የሚታኘክ ቅጠልና ፍሬ በጨርቅ ጠቅልለው ዘንባባው ሥር ደረሱ። አማ ጃሚ ባልዲያቸውን በገመድ አወረዱ፤ አጎቶቹ ደስ ብሏቸው ስጦታውን አስቀመጡበት። ባልዲው ወጣ። አማ ጃሚ ቅጠሉን እያኘኩ አመሰገኑ፣ አልወረዱም። እንግዳ ውኃ ሳይጠጣ አይሸኝምና ባልዲውን ጣፋጭ ውኃ ሞልተው መልሰው አወረዱት። አጎቶቹ እስኪጠግቡ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ተሸንፈው ሄዱ። ረቡዕ ሉጂ ራሱ መጣ። እሱም ጠጥቶ ሄደ።

ሐሙስ ኢና ፒጋ የሰርጉን ሥራ ጥላ ወጣች። እጇ ላይ ገና ዱቄት ነበር። መንገድ ላይ ያገኘቻት ጎረቤት ወዴት ነሽ ስትላት ወንድሜን ልገድል ብላ አለፈች።

"ክቡር ወንድሜ፣" አለች ዛፉ ሥር ቆማ። አንቱ የምትላቸው ስትናደድ ብቻ ነው። "ይወርዳሉ ወይስ ዘንባባውን ላስቆርጠው?"

"እኔ ምን ሆንኩና እወርዳለሁ።"

"ምንም ካልሆኑ ቅዳሜ አጥሩ ጋ ይቆማሉ።"

"ሥራ የማይሠራ ሽማግሌ እንዴት ይቆማል። ጉልበቱ ይከዳዋል።"

"በአንድ መስመር ጽሑፍ የልጄን ሰርግ ልታፈርስ ነው?" አንቱታው ከአፏ ወደቀ። "አባታችን ሲሞት እንኳ ሦስት ቀን ነው ያኮረፍከው።"

"አንብበሽዋል?"

"ሰርግ እያሰናዳሁ ሰሌዳ ላንብብልህ?"

"አላነበብሽውማ። ሄደሽ አንብቢው። ከዚያ ተመልሰሽ ውረድ በይኝ፤ እወርዳለሁ።"

ኢና ፒጋ ሄደች። በመንገድ ላይ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፣ ምንም የለበትም፣ አሁን ውረድ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማ ዓይኗን አጠበበች። የሕዝብ ብዛት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። የአሳማ ብዛት። የፍየል ብዛት። ዘንባባ ቀጂዎች፣ አሥራ አንድ። ሥራ የማይሠሩ አረጋውያን፣ ሃያ ሦስት። ከእሱ ሥር ደግሞ ወንድሟ ያልነገራት አንድ መስመር ነበር፦ ሥራ የሌላቸው የቤት እመቤቶች፣ ስልሳ አራት።

እንደገና አነበበችው። በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ የሆነ ሰው በስህተት የሌላ መንደር ሰሌዳ ያቆመ መስሏት ነበር። ኢና ፒጋ በሰባት ማሰሮ ፊት መቀመጥ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ እሳት ታነዳለች፤ እስኪመሽ ታማስላለች። የዓይኗ ሽፋሽፍት ካለቀ ቆይቷል። ሉጂ የሚበላው፣ ሰባኪው የሚበላው፣ ቅጹን ለማምጣት ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ ሳይቀር በጠርሙስ ይዞ የሄደው ስኳር ከነዚያ ማሰሮዎች የወጣ ነው። ከሥር የመጨረሻው መስመር ነበር፦ መንደሩ የሚታወቅበት ነገር፣ የለም።

ያኔ ንዴቱ መጣ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ሰው ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቦ ተቀይሟል። የቀሩት ሁሉ፣ እሷንም ጨምሮ፣ ስድባቸውን "ፊደሉ ሲያምር" እያሉ በፊቱ ሲመላለሱ ከርመዋል።

ሉጂ ከውስጥ አይቷት ወጣ። ፈገግ ብሎ አፍንጫውን አስጠጋ። ኢና ፒጋ ፊቷን አዞረች።

ልጁ ደነገጠ። ቅጹ እንደዚያ ስለሚል ነው አላት፤ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ደሞዝ የሌላት ሴት ሁሉ እዚያ ይገባል፣ እሱ የጨመረው ነገር የለም።

"ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?"

"ስኳር በውኃ።"

"ከየት የመጣ?"

"እርስዎ የላኩልን ነው፣ ኢና።"

"ሥራ የሌላት ሴት ናት የላከችልህ።"

ሉጂ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ለመለወጥ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። ይህን ማለት አልነበረበትም።

"እንግዲያው ቅዳሜ አጥሬ ጋ ስትቆም አፍንጫውን ማኅተሙ ይስጥህ፣" አለችና ሄደች።

ዘንባባው ሥር ስትደርስ አማ ጃሚ ወደ ታች እያዩ ይጠብቋት ነበር። ውረድ አላለችም። "ቦታ ካለህ ጠጋ በል" አለች።

አርብ ጠዋት በዋዱሜአ አንድም እሳት አልነደደም። ኢና ፒጋ ማንንም አልቀሰቀሰችም፤ ለሁለት ጎረቤቶቿ ብቻ ሰሌዳውን ሄደው እንዲያነቡ ነገረቻቸው፤ የቀረውን እነሱ ጨረሱት። ወንዶቹ ባልዲያቸውን ሞልተው ሲወርዱ ሴቶቹ ደጃፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው አገኟቸው። የአማ ጃሚ ቅያሜ ሰባት ወር መቆየት ይችላል፤ የዘንባባ ውኃ ግን ሳይፈላ እስከ ማታ አይቆይም፣ ይሆመጥጣል። አማ ጃሚ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ውኃቸውን የምታፈላላቸው እህታቸው ናት። ስለዚህ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው የሰው ደጅ ሄደው ቆሙ።

ውኃው ሊበላሽ ነው አሏት። ሥራ የለኝም አለቻቸው። ልጁ እኮ ልጅ ነው፣ ቅጹ አሳስቶት ነው አሏት። ኢና ፒጋ ወንድሟ ስለሌላ ሰው ሲማልድ ሰምታ አታውቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ታለቅስ ነበር። "ሂድና አንተው አፍላው" አለቻቸው።

አማ ጃሚ በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ሉጂን በሸሚዙ እጅጌ ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ እየጎተቱ አምጥተው ሰባቱ ማሰሮ ፊት አስቀመጡት። ልጁን ገና አልታረቁትም፤ ስለዚህ አያናግሩትም። የሚያናግሩት ማሰሮውን ነበር። "አንተ ማሰሮ፣ ልትገነፍል ነው፣ የሚያማስልህ የለም እንዴ?" ይላሉ። "አንተኛውስ፣ እሳት በዝቶብሃል፣ ግን ማን ያይልሃል።" ሉጂ ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ ከማሰሮ ማሰሮ ይሮጣል። መንደሩ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል። የሚስቅ ነበር፤ ኢና ፒጋ ግን አልሳቀችም። ቤቷ ውስጥ ሆና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ ቁጭ አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሉጂ የተላጡ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰሌዳውን ደለዘና እንደገና ጻፈው። ደብዳቤ አልጠየቀም። ቀጂዎቹን አሥራ ሁለት አደረጋቸው፤ ሴቶቹን ስኳር ሠሪዎች አላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ "የለም" የሚለውን ፍቆ ምን እንደሚተካ ቸገረው። አማ ጃሚ ከጀርባው ቆመው ባዶ ይቅር አሉ፤ ያሉትም ለሰሌዳው ነው።

ቅዳሜ የሙሽራው ወገን ከድንጋይ አጥሩ ውጪ ቆመ። አማ ጃሚ ከሁሉ ቀድመው ወጡ፤ አዲስ ሽርጥ ታጥቀዋል። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን በአፍንጫው ላይ አሳረፉ፤ ለሰላምታ ከሚበቃው በላይም ቆዩ።

ቀጥሎ የኢና ፒጋ ተራ ነበር። እንደማትሰጠው ሌሊቱን ስትወስን አድራለች። ሰሌዳው ተለውጧል፤ ቀለም ግን ርካሽ ነው፣ ማንም ይቀባል። ሙሽሪት ልጇ ፒጋ ከበሩ ጀርባ ትንፋሿን ይዛ እንደቆመች ታውቃለች። ይህም አላላላትም። ለመጨረሻ ጊዜ ፊቱን አይታ ፊቷን ልታዞርበት ቀረበች።

የሉጂ ዓይኖች እንደ በርበሬ ቀልተዋል። የአንዱ ዓይኑ ቅንድብ እኩሌታው ተለብልቧል። ተጠግታ አፍንጫዋን ስታሳርፍበት ከሳሙናውና ከሽቶው ሥር የጭስ ሽታ አገኘች። ይህን ሽታ ታውቀዋለች፤ ሦስት ጊዜ ቢታጠቡትም አይለቅም።

"አቃጥለኸዋል፣" አለችው በለሆሳስ።

"ሁለት ማሰሮ ብቻ ነው፣ ኢና።"

"ሦስት ነው፣" አሉ አማ ጃሚ ከኋላዋ።

ኢና ፒጋ ወደ ወንድሟ አልዞረችም፤ ብትዞር ትስቅ ነበር።

"ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ና፣" አለችው ልጁን። "እሳት መቀነስ አታውቅም።"

ከዚያ ከአጥሩ በር ፈቀቅ አለችለት።