ደምሴ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው

እኛ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ዕድሜያችንን የምንናገረው እንደ ጠያቂው ነው። ለኢሚግሬሽን ሌላ፣ ለመሥሪያ ቤት ሌላ፣ ለሚስት ዘመዶች ደግሞ ሌላ። አንዱ የዲቪ ፎርም ሲሞላ አምስት ዓመት ቀንሶ ነበር፤ አሁን ጡረታ ሲርቅበት ምነው በጨመርኩ እያለ ይቆጫል። እኔ ራሴ ታናሽ ወንድሜን በሁለት ዓመት አንሰዋለሁ፤ በወረቀት ማለቴ ነው። አትሳቁ፤ መንጃ ፈቃዳችሁን አውጡ ብላችሁ ስንታችሁ ትቀራላችሁ? እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ዕድሜው ድርቅ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጤንነቱን ነው። እኔም ደምሴን ጠርጥሬው ነበር።

ደምሴ የጎልፍ ተጫዋች ነው። አዎ፣ ጎልፍ። ሐበሻ እንደ ሆነ ሲነግራቸው ፈረንጆቹ የሚጠይቁት ስለ ሩጫ ነው፤ እሱ ግን አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳ አይሮጥም። ፕሮፌሽናል ነው ስላችሁ ደግሞ በቴሌቪዥን የምታዩት፣ በግል አውሮፕላን የሚንሸራሸር ዓይነት አይምሰላችሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ጡረተኛ ፈረንጆችን ኳስ አመታት ያስተምራል። ሐሙስ ዱላዎቹን አሮጌ ኮሮላው ውስጥ ጭኖ ካሮላይና ወይም ጆርጂያ ይወርዳል፤ ለትልቁ ውድድር የሚያሳልፍ ማጣሪያ ፍለጋ። እኔ የኤርፖርት ታክሲ እየነዳሁ አሌክሳንድሪያ ስለምኖር፣ ሲመለስ መንገዱ ላይ ነኝና ጎራ ይላል።

«እንዴት ሆነልህ?» እለዋለሁ።

«በአንድ ምት» ይለኛል።

በአንድ ምት ቀረሁ ማለቱ ነው፤ ጎልፍ ላይ የሚያሸንፈው ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓዶቹ ውስጥ የከተተ ነው። አንዳንዴ በሁለት። ይህን መልስ ስንት ዓመት እንደ ሰማሁት ልቆጥርላችሁ አልችልም። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላዎቹን ሸጦ ሊሞዚን እየነዳ እንጀራውን ይበላ ነበር። እሱ ጫማውን ይጠርግና በሚቀጥለው ሐሙስ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞብኝ አብሬው ወርጄ ቦርሳውን ተሸከምኩለት። ሊያልፍ ነው፤ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቀርቶታል። ኳሱ ረጅም ሣር ውስጥ ገብቶ ነበርና ሊመታ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ከኳሷ ኋላ ሲያስጠጋ ድንገት ቀና አለ። «ተነቃነቀች» አለኝ። በጎልፍ ሕግ ኳሷን ሳትመታት ካነቃነቅሃት አንድ ምት ይቆጠርብሃል። ማንም አላየም፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አላየሁም፤ እርግጠኛ ነኝ ኳሷ ራሷ አታውቅም። ሄዶ አብሮት የሚጫወተውን ጠራና በገዛ ራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ። በስንት እንደ ወደቀ ገምቱ። ስንመለስ እኔ እስከ ሪችመንድ ስነጫነጭበት እሱ እያፏጨ ይነዳ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጎልፍ ከሌላው ስፖርት የሚለይበት አንድ ደግነት አለው፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላህ እንደ ገና ትጀምራለህ። ሲኒየር የሚሉት የራሱ ውድድር ያለው የባለሙያዎች ማዕረግ አለ። የደምሴ ወረቀት ደግሞ ጉደኛ ነው። ስደተኛ ሆኖ ሲመጣ ፎርሙን የሞላለት ሰው የተወለደበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንደ ሰማው አሰፈረው፤ ወደ ፈረንጁ መለወጥ ማንም ትዝ አላለውም። ሁላችንም ቀንሰን በገባንበት አገር እሱ ሰባት ዓመት ጨምሮ ገባ። ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር፤ የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ አሉት። መወለዱን የሚያውቁት እናቱና ያጠመቁት ቄስ ናቸው፤ ሁለቱም አርፈዋል።

እናም ደምሴ በእውነት አርባ ሦስት ዓመቱ ላይ፣ ጉልበቱም እጁም በደንብ በሚታዘዝለት ጊዜ፣ ወረቀቱ ሃምሳ ሞላው። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ድረስ በረርኩ። ሚስቱ ሮማን የሲኒየሩን ውድድር መመዝገቢያ ፎርም ፕሪንት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«ሳይን አድርግና ላከው» አልኩት። «ሽማግሌዎቹን ታርበደብዳቸዋለህ!»

«ሃምሳ አልሞላኝም።»

«ፔፐርህ ላይ ሞልቶሃል እኮ!»

«እንግዲያው ፔፐሩ ሄዶ ይጫወት።»

ሮማን እንባዋ መጣ። «ደሜ፣ አንተ እኮ አልዋሸህም፤ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ሸኝቼሃለሁ። ሰባት ዓመት ደግሞ ጀርባህ የሚጠብቅህ ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም» አላት። ቀስ ብሎ ነበር ያላት። ፎርሙን አጣጥፎ ሰጣት።

ጀርባው እውነትም አልጠበቀውም። በአርባ ስድስቱ ለሁለት ወር ጎንበስ ማለት አቃተው። በአርባ ስምንቱ ኳሱ ድሮ ከሚያርፍበት አጥሮ መውደቅ ጀመረ። ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው፤ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሮ ይወርዳል፤ ከልጆቹ እኩያዎች ጋር ይጫወታል፤ ይሸነፋል፤ ይመለሳል። በጓደኞቻችን መሀል ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቅ ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቴ ስገባ ይህን ሰው እፈራው ጀመርኩ። ሰው ጳጳስ እንደሚፈራው ዓይነት ፍርሃት።

በመጨረሻ መስከረም ጠባና እውነተኛው ሃምሳ ሞላ። ወዲያው ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚደረግ የሲኒየር ውድድር ማጣሪያ ገባ። ቦርሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ኳሷ አፋፉ ጋ ደርሳ ልትቆም አለች፤ ቆመች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ የለችም። አለፈ። በአንድ ምት። ለሮማን ደውዬ ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት።

ዋናው ውድድር በጀመረበት ጠዋት፣ ከገመዱ ወዲያ ከበርክም ከአርሊንግተንም የመጡ ወገኖቻችን ተሰልፈዋል። የክብር ኮት የለበሰ ፈረንጅ ማይክሮፎን ይዞ ተጫዋቾችን ያስተዋውቃል። «ከሲልቨር ስፕሪንግ! በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ!» ብሎ የደምሴን ስም እንደ ምንም ጠራው። ጭብጨባው ቀለጠ። ደምሴ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ፣ ሃምሳ ነኝ» አለው።

ሰውየው ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ «እኔም ሠላሳ ነኝ!» አለ። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። የእኛዎቹ ደግሞ ከፈረንጆቹ ብሰው ሳቁ፤ አንዲት ሴትዮ «የኛ ሰው መሆኑ በዚህ ይታወቃል» ስትል ሰማኋት።

ሰባት ዓመት ሙሉ የሆነውን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ደምሴ ግን እሱም አብሯቸው እየሳቀ ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ጎንበስ አለ፤ ጀርባው እንዳመመው ከፊቱ አወቅሁ። ኳሱን አስቀመጠ፣ መታ፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሃምሳ ዓመት ከሦስት ሳምንቱ ነበር።