ድብ በራሽን

ሰው ቤት ስትገቡ ቡፌውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያንን ባለ መስታወቱን ማለቴ ነው። ውስጡ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ጠጥቶባቸው የሚያውቅ ፍጡር ግን የለም። እንግዳ ሲመጣ ውሃ የሚሰጠው በፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ እየጠጣ ብርጭቆውን ያያል። እኔም አሉኝ። ለሰርጌ የተገዙ ናቸው። ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ አገቡ፣ ልጆቼም ወለዱ፤ ብርጭቆዎቹ ግን እስከ ዛሬ እንግዳ እየጠበቁ ነው። ማንን እንደሚጠብቁ እንጃላቸው። መልአክ እንኳ ቢመጣ በኩባያው ነው የማስተናግደው።

እኛ ሰዎች እንዲህ ነን እኮ። አንድ ነገር ከወደድን እንቆልፍበታለን።

ይሄን ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ናት። አስተማሪ ናት፤ ሰሞኑን «ልጆች እንዴት መጽሐፍ ይውደዱ» የሚል ስልጠና ገብታ፣ ውሃ በላስቲክና ቦርሳ ሙሉ ወረቀት ተሸክማ መጣች። «እማማ፣ አንቺም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርተሽ የለ? ልጆቹን መጽሐፍ ለማስወደድ ምን ታደርጉ ነበር?» አለችኝ። «እንቆልፍባቸው ነበር» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ቀለድኩ እንዴ?

በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ መካኒሳ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነበር፤ እኔም እዚያ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ታዲያ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። አካፋና ኖራ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው፤ ኖራው ወጣ፣ እኔ ገባሁ። መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረንም ማለት ይቻላል፤ ብዙው የመሪዎች ንግግር ጥራዝ ነበር። የንግግር ጥራዝ ደግሞ ልጅ አይፈልገውም፤ ሱቅ ቆሎ ለመጠቅለል ይፈልገዋል።

አንድ ቀን ታዲያ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ካርቶን ሙሉ የሕፃናት መጻሕፍት መጡልን። በአማርኛ! ወረቀታቸው እንደ ቅቤ ያዳልጣል። ሥዕላቸው፣ እናንተዬ፣ የተሣለው ፖም ራሱ ምራቅ ያስውጣል። ሽታቸውንማ አልነግራችሁም፤ በሩን ዘግቼ አፍንጫዬን ከትቼ ስምግ ያየኝ ሰው አብዳለች ብሎ ለቀበሌ ባመለከተብኝ።

እኔ ልጆቹ ይሻሙባቸዋል ብዬ ስደሰት፣ ዳይሬክተራችን ከች አለ። ጓድ ንጉሤ ይባላል። ስሙ ራሱ መከራው ነበር። ንጉሥ በወረደበት አገር ንጉሤ ተብሎ ዳይሬክተር መሆን ቀላል መሰላችሁ? ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ አብዮተኛ መሆን ነበረበት። ሲፈርም «ጓድ» የምትለዋን በትልቁ ይጽፍና ስሙ ጋ ሲደርስ ትል የሄደበት ያስመስለዋል። ካርቶኑን ከፈተ፣ መጻሕፍቱን አየ፣ ፊቱ በራ፤ ወዲያው አናጢ ጠራ። አናጢው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ሠራ። መጻሕፍቱ ጎብኚ ሲመጣ ሥዕላቸው እንዲታይ እንደተገለጡ ተደረደሩ፣ በሩ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ጓድ ንጉሤ ቀበቶ ላይ ገባ። መስታወቱ ላይም በቀይ ቀለም «ማየት ይቻላል፤ መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጠፈ። የአንበሳ ግቢ በሉት። ልዩነቱ አንበሳ ሰው ይበላል ተብሎ ነው የሚታሰረው፤ እዚህ የታሰረው ራሱ ምግቡ ነው።

«ጓድ፣ ልጆቹ መቼ ያነባሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እጃቸው ሲጸዳ» አለኝ። መካኒሳ ክረምት ከበጋ ጭቃ ነው፤ እንግዲህ ገምቱት።

ቁም ሳጥኑ የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት ለአቧራ ብቻ ነበር። አያችሁ፣ አቧራ ተፈቅዶለታል። ጓድ ንጉሤ ቁልፉን ይሰጠኝና በሩ ላይ ቆሞ ጢሙን እያሻሸ ይጠብቀኛል፤ እኔ እጠርጋለሁ።

ጫልቱ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የገበሬ ልጅ፣ ከለቡ በእግሯ የምትመጣ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደፍጥጣ አገኘኋት። የተገለጠው ገጽ ላይ አንድ የድብ ግልገል ቀይ ኮፍያ አድርጎ ከቤቱ ሲወጣ ይታያል። «እትዬ የሺ፣ የት ሊሄድ ነው?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። «ሥራዎ ምንድን ነው ታዲያ?» አትለኝም መሰላችሁ!

በማግስቱ አቧራዬን ስጠርግ፣ ጨርቄ የዚያን መጽሐፍ አንድ ቅጠል ይዞ ወደ ግራ አለፈ። ጨርቅ ነው፤ ምን ይደረጋል? ጓድ ንጉሤ ጢሙን እያሻሸ ነበር። አላየም። ቢያይም ለሱ ድብ ድብ ነው፤ በር ላይ ይቁም፣ ጫካ ይግባ ግድ የለውም። በእረፍት ሰዓት ጫልቱ አየችና እሪ አለች። «ሄዷል! ድቡ ሄዷል!» ከዚያ በኋላ ምኑን ልንገራችሁ? የስኳር ሰልፍ ያያችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያንን ሰልፍ ቤተ መጻሕፍቴ በር ላይ አየሁት። የፊተኞቹ አፍንጫቸውን ለጥፈው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ የመሃለኞቹ ወደ ኋላ ያስተላልፋሉ፣ ከኋላ ያለው ሲደርሰው ድቡ ሁለት ጊዜ አግብቶ ወልዷል። ጨርቄም በየቀኑ አንድ ቅጠል ማለፉን ለመደ። እኔ የምጠርገው አቧራ መሆኑ ቀርቶ የአፍንጫ ማኅተም ሆነ።

አጠገቡ ደግሞ ሥራውን ስለሚወድ ትራክተር የሚያወራ መጽሐፍ ነበር። ጓድ ንጉሤ መሃል ላይ ያስቀመጠው እሱን ነው። ለፍትሕ ብዬ ለሱም ገለጥኩለት። አንድም ልጅ ዞር ብሎ አላየውም። ምስኪን ትራክተር፤ ብቻውን አርሶ፣ ብቻውን አጭዶ፣ ብቻውን ተሸለመ።

ድቡ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ሲወጣ ችግር ተፈጠረ። የመካኒሳ ልጅ በረዶ የሚያውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ነው። «በረዶ ላይ እንዴት ይኬዳል?» ብለው ያዙኝ። «የነሱ በረዶ እንደኛ አይበተንም፤ ተደራጅቷል» አልኳቸው። አመኑኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ይደራጅ ነበር።

እንግዲህ ድቡ ሐይቁ መሃል ላይ ቆሞ ሳለ ነው ወሬው የመጣው። ከከፍተኛው፣ የዛሬውን ክፍለ ከተማ በሉት፣ ኮሚቴ ይመጣል፤ መጻሕፍቱ የሚነበቡ ከሆነ ያያል፤ ካልተነበቡ ሰብስቦ ለሚያነብ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ጓድ ንጉሤ ቀበቶውን ጨበጠ። እኔም ሂሳቤን ሠራሁ። መጻሕፍቱ ከሄዱ ድቡ ሐይቅ መሃል እንደቆመ ሊቀርብን ነው። ገጽ መግለጤ ከታወቀ ደግሞ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ያ ዘመን ሰው ከቅጠል ባነሰ ነገር የሚወሰድበት ዘመን ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ቁም ሳጥኑን ይከፍታል፤ ልጆቹ ያነባሉ፤ አለቀ። ጓድ ንጉሤ ግን ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰበሰበና መልሱን አስጠናቸው። «አንብባችኋል?» ሲባሉ፣ ግራ እጅ ተጨብጦ፣ «አንብበናል!» ነው። ጫልቱ እጇን አወጣች። «ጓድ ዳይሬክተር፣ እስከ የት?» አለችው። «እስከ ድል!» አላት። ልጅቷ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ኮሚቴው በካኪ ከች አለ። ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሳቅ እንደ ጨው በኩፖን የሚሰጠው የሚመስል ሰውዬ ነው። ቁም ሳጥኑን ዞሮ አየ። መጻሕፍቱ ሙሽራ ይመስላሉ፤ እድፍ የለ፣ ጭረት የለ። «እነዚህ ተነብበዋል?» አለ። ጓድ ንጉሤ «በሚገባ!» አለ። ልጆቹ «አንብበናል!» አሉ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢው አልተንቀጠቀጠም። መነጽሩን አወረደና፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መርጦ በማን ላይ ጣቱን ቢቀስር ጥሩ ነው? በጫልቱ ላይ። «አንቺ፣ ያነበብሽውን ንገሪኝ።»

ጓድ ንጉሤ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ደግሞ አፏን ከፈተች። ተናገረች ነው የምላችሁ? ተጫወተችው እንጂ! ኮፍያውን አጠለቀች፣ በረዶው ላይ በጥፍሯ ተራመደች፣ ነፋሱን በአፏ ነፋችው። ኮሚቴዎቹ እስክሪብቷቸውን ረስተው አንገታቸውን አስግገዋል። «…ሐይቁ መሃል ሲደርስ በረዶው ከእግሩ ሥር ጧ! አለ» አለችና እዚያው አቆመች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ሰብሳቢው።

«ከዚያማ ነገ ነው» አለችው።

ሰውዬው ግራ ገባው። ሌላ ልጅ ጠራ፤ ያም ጧ ብሎ ቆመ። ሦስተኛውን ጠራ፤ ጧ። ከኋላ ወንበር አንዷን አስነሳ፤ እሷ ጋ ድቡ አግብቷል፤ እሱም ቢሆን ከነሚስቱ ጧ። «ምንድን ነው ይሄ? ሁላችሁም እዚህ ጋ የምታቆሙት ማን ከልክሏችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ። ጫልቱ ሞኝነቱ ገርሟት፣ «መስታወት ውስጥ ነዋ! እትዬ የሺ ነገ ጠዋት ይገልጡልናል» አለችው።

ጓድ ንጉሤ ዓይኑን ገልጦ እኔን፣ ከኔ ቁልፉን፣ ከቁልፉ እኔን አየ። ሰብሳቢውም ወደኔ ዞረ። ምላሴ መቼም የራሷ ኑሮ አላት። «ራሽን ነው ጓድ» ብላ ተናገረች። «ስኳር በራሽን፣ ሳሙና በራሽን፣ መጽሐፍ ምን ቤት ነው? እኛ ጋ ቀድሞ ጨርሶ በጓዱ ላይ የሚኮራ ቡርዥዋ አንባቢ የለም። ሁሉም እኩል፣ በቀን አንድ ገጽ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰውዬው መሳቄን ሊያይ ፊቴን መረመረ። አልሳቅኩም። እንደዚያ ቀን ሳቄን ውጬ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ጓድ ንጉሤ በዚህ መሃል ነፍሱ ተመለሰች። ቀልጠፍ ብሎ «ዘዴውን የነደፍኩት እኔ ነኝ!» አለ። ይሁንለት። እኔ አንገቴን እንጂ ዝናውን አልፈለግኩም።

ሰብሳቢው ጻፈ፣ ጻፈና ቆመ። ወደ ቁም ሳጥኑ አየ። ወደ ጓዶቹ አየ። «ለማጣራት ያህል» አለና ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ክፈቱት እስቲ። ያ ድብ ምን ሆነ?»

ቁልፉ ዞረ። ድቡ ከመስታወቱ ወጣ። ሰብሳቢው ራሱ ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ልጆቹ ጀርባው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ አንዱማ ጉልበቱ ላይ ተንጠላጠሉ። በረዶው ተሰነጠቀ፤ ድቡ ገባ፤ የሰውዬው ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም በጸሎት ላይ ነበርኩ። ለካስ ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው! ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጫልቱ ገጹን በጭቃማ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ማንም ክልክል ነው አላላትም። አለቀ፣ ድል አደረግን አልኩ በሆዴ። ከነገ ጀምሮ ልጆቹ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ቁጭ ሊሉ ነው።

ምን ዓይነት ቂል ነኝ?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሳኔው ደረሰ። መጻሕፍቱ እኛው ጋ ይቆዩ ተባለ። ዘዴያችን እጅግ ስለተወደደም በከፍተኛው ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሥራ ላይ ይዋል ተባለ። ልጆች መጽሐፍ እንደልባቸው ያገላብጡባቸው የነበሩት ሁሉ መስታወት ገጠሙ! ለቡ አካባቢ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ መጽሐፍ ለልጆቹ ቤታቸው ድረስ የምታውሰው፣ ሰላምታ ነፈገችኝ። ለየገጹም ዕቅድ ወጣ፤ ይህን ሳምንት እስከዚህ፣ ያን ሳምንት እስከዚያ። በዕቅዱ መሠረት የመካኒሳ ልጆች ገና ድቡ ከቤቱ የሚወጣበት ገጽ ላይ መሆን ነበረባቸው። እነሱ ግን የድቡን መጨረሻ ሰምተዋል። ይሄ በሪፖርት ሲታይ ከባድ ጥሰት ነው፤ ከዕቅድ በላይ አንብበዋል። ስለዚህ ዕቅዱ እስኪደርስባቸው ድረስ ቁም ሳጥኑ በጨርቅ እንዲሸፈን ታዘዘ።

ጨርቁን እንድሰፋ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ወፍራም አቡጀዲ ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ድርብ አድርጌ፣ ጓድ ንጉሤ አጠገቤ ቆሞ እያየ ሰፋሁት። ሰቀልነው። ወር ሳይሞላው ታችኛው በኩል ላይ በርከት ያሉ ቀዳዳዎች ተገኙበት። ጓድ ንጉሤ ተቆጣ። ብል ነው አልኩት። ብል ታዲያ ምን ይደረጋል? የዚያ ዘመን ብል ደግሞ ጨዋ ነበር፤ ጨርቁን የሚበላው በሦስተኛ ክፍል ተማሪ ዓይን ትክክል ብቻ ነው።