ከጥርስ ሐኪም ጋር ዋጋ መከራከር

ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ሻጩን ይንቃል! አዎ፣ ይንቃል። ሸዋ ሮቢት ገበያ ገብተው የተጠራውን ዋጋ ዝም ብለው ቢከፍሉ፣ ሻጩ ራሱ “ምነው አብዝቼ በጠራሁ” እያለ ሲቆጭ ይውላል። እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ የማንንም ሻጭ ቀን አላበላሸሁም።

ደግሞ ክርክር ጊዜ አለው። ዋጋ ሲጠራ ዝም ነው። ሽንኩርቱን ይመዝን፣ ፌስታል ውስጥ ይገልብጠው፣ አፉን ይቋጥረው... መልሶ መፍታት ሲሰለቸው ያኔ ይጀምራሉ።

እንግዲህ አንዲት መንጋጋዬን የሽምብራ ቆሎ ሰበራት። ከተማችን ውስጥ ያለ ወጣት የጥርስ ሐኪም አየና “ሽፋን መልበስ አለባት፤ አሥራ አምስት ሺህ ብር ነው” አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም። እሱ መስማማት መሰለው፤ እኔ ገና ሽንኩርቱን እያስመዘንኩ ነበር!

አደነዘዘኝና ጥርሴን ዙሪያዋን ሞርዶ ሞርዶ የስንዴ ፍሬ አሳከላት። ጊዜው አሁን ነው አልኩና ቀና አልኩ።

“በል ዶክተር፣ መጨረሻውን ንገረኝ።”

“የምኑን?”

“የዋጋውን።”

“ተነጋገርን እኮ እማማ!”

“አንተ ተናገርክ፤ እኔ መች ተናገርኩ? ስምንት ሺህ።”

“አይቀንስም።”

“በአሥራ አምስት ሺህ እኮ ሙክት ይገዛል!”

“ሙክቱን በምን ሊያኝኩት ነው?”

“ደብረ ሲና ወጥቼ አሠራታለሁ!”

“መንገዱን የሰላም ያድርግልዎ።”

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ተከራካሪ ሲሄድ እንዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ... እግር ወደ ፊት፣ ጆሮ ወደ ኋላ። በር ላይ ቆም አልኩ፣ መቀነቴን ጠበቅ አደረግሁ። “በቃ ይምጡ” የሚል የለም! አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ጎረቤቴ ጋሽ የሱፍ “እትዬ በለጥሽ፣ አለቀ?” አሉኝ።

“ዋጋ እየተነጋገርን ነው።”

ከኋላዬ አዩ፤ ማንም የለም። “ከማን ጋር?”

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መጠራቴን ስጠብቅ ምሳ ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ ሲበረታብኝ ቀዝቃዛ ውኃ ገዛሁ። ለካ ማደንዘዣው ለቅቆኛል! አንድ ጊዜ ብጎነጭ ራቁቷን የቀረችው ጥርስ ከወንበሬ አስነሥታ አስዘለለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ፦ የተቋጠረው ሽንኩርት የሻጩ ነበር፤ የተሞረደችው ጥርስ ግን የእኔው ናት።

ተመለስኩ። ሐኪሙ “ይቀመጡ” ብቻ አለ። ጊዜያዊ ሽፋን አድርጎልኝ ለዋናው በሳምንቱ ቀጠረኝ። ሙሉውን ከፈልኩ። ግን እንዲሁ ተሸንፎ መውጣት ሆዴ እምቢ አለ።

“ቲማቲም ሻጭ እንኳ ከሚዛን በላይ አንድ ሁለት ፍሬ ይመርቃል፤ አንተስ ምን ትመርቅልኛለህ?”

አሰበ። አፌን አስከፍቶ መብራቱን አበራ።

“ከጎኗ ያለችውም ተሰንጥቃለች። እሷን በነጻ ልሞርድልዎት... የማልበሻው ዋጋ ግን ያው ነው።”

ምርቃት እምቢ ብዬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።