የእድራችን ፈጣን አፕ

የእኛ ሙያ ሰዎች፣ ማለትም የድረ ገጽና የአፕ ገጾችን አፍርሰን እንደገና የምንሠራ፣ የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጠቃሚውን። "ተጠቃሚ አይጠብቅ!" የሚለው የመጀመሪያው ትእዛዛችን ነው። ሁለተኛውም ያው የመጀመሪያው ነው፣ ትንሽ ጮክ ተብሎ። መታወቂያ ለማሳደስ ወንበር ላይ እያንቀላፋ የሚውል ሰው ስልክ ሲይዝ ለምን ትዕግሥቱ እንደሚያልቅ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ማፍጠን ነው።

ስለዚህ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ጋሽ ግርማ አስጠርተውኝ ስለ እድሩ አፕ ሲያማርሩ ወኔዬ ተነሣ። አፑን የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ እግዜር ይይለት። ጋሽ ግርማ እንዳሉት ማን እንደሞተ ለማወቅ መጀመሪያ የይለፍ ቃል፣ ከዚያ የእድሩ ታሪክ፣ ከዚያ የእሳቸው ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ደግሞ መተዳደሪያ ደንቡ ይመጣል። ሟቹ ጋ እስኪደረስ አርባው ይወጣል። ታዲያ ፎቶግራፉን ላውጣው ወይ ብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ዝቅ ብታደርገው ይበቃል አሉኝ።

ቆርጬ ተነሣሁ። ስንት ቀን እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔና ዓይኔ እናውቃለን። በአዲሱ ገጽ ጋሽ ግርማ አንዴ ይጫናሉ፤ የአባላቱ ሁሉ ስልክ ወዲያውኑ ይጮኻል፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ስክሪኑ ላይ ደምቆ ይወጣል። መክፈት የለ፣ መፈለግ የለ። ለፋፊያችን ጥሩንባውን ይዞ ሰፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ እኔ በቅጽበት ገላገልኩት። ኩራቴን ለመደበቅ ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩም።

አንድ ረፋድ ላይ ሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እንደ ባለሙያ መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ነው። ደምቋል። ክፍተቱም ልክ ነው። ምን አለፋችሁ፣ አምሮበታል! ቀጥዬ አነበብኩት። የወይዘሮ አስካለ ታላቅ ወንድም ድሬዳዋ ላይ ስላረፉ ነገ ንጋት ላይ መርዶ ለመንገር አባላት እቤታቸው እንዲገኙ ይላል። በፍጥነቱ እየተደሰትኩ "ለአባላት በሙሉ ተልኳል" የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ።

ወይዘሮ አስካለም አባል ናቸዋ!

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ትንሽ ብሶባቸው ነበር" ከሚለው ይጀመራል። ለፋፊያችን እንኳ በባለ መርዶው ደጅ ሲያልፍ ጥሩንባውን ጋቢው ውስጥ ይደብቅ ነበር። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ታዲያ ባልቴቷ የወንድማቸውን ሞት ብቻቸውን ከስልክ እንዲያነቡ አደረግኩ ማለት ነው? አይሆንም! ሳያዩት ስልኩን ከእጃቸው ማውጣት አለብኝ አልኩና ሮጥኩ።

ቤታቸው ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። መታጠፊያው ጋ ጋሽ ግርማን አገኘኋቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። የተላከውን መመለስ ይቻል እንደሆነ እያለከለኩ ጠየቁኝ። ሞትስ መመለሻ አለው እንዴ ብዬ ልፈላሰፍ አሰብኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። አፑ ፈጣን ነዋ! ሰዉ ሁሉ አንብቦ፣ ሁሉም እንደ እኔ ደንግጦ መጥቷል። አንዱ ቻርጅ ጨርሻለሁና ስልክዎን ያውሱኝ ይላል። ሌላዋ በስልክዎ ፎቶ ላሳይዎት ትላለች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ደግሞ ያ አላህ፣ ሶፊ ላለችው እህቴ አንዴ ልደውልላት እያሉ ይለምናሉ። ወይዘሮ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ስልካቸው አጠገባቸው በፊቱ ተደፍቷል። እኔ ሙያዬን ተገን አድርጌ አፑን ላድስልዎት አልኳቸው። አድስልኝ ልጄ አሉና ቀና ሳይሉ ሰጡኝ። መልእክቱ እንዳለ አለ። አጠፋሁት። ግቢው በሙሉ ተነፈሰ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ወይዘሮ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፣ እኛም አብረን አለቀስን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቅሶው መሃል ደስ ብሎኝ ነበር። ተሳክቶልኛላ!

ከሠልስቱ በኋላ ወይዘሮ አስካለ አስጠሩኝ። ዓይናቸው አብጧል። ያቺን መልእክት እናንተ ሳትመጡ በፊት አይቻታለሁ አሉኝ። ክው አልኩ። ታዲያ ምነው ዝም አሉ ብላቸው፣ ከስልክ ጋር ተቀምጬ ላልቅስ እንዴ ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። "ሰው አፍ አውጥቶ እስኪነግረኝ አልሞተም ብዬ ምስሬን ለቀምኩ። እስኪነጋ ድረስ ወንድሜን አኖርኩት" አሉ።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ገጹ ላይ ምን ላስተካክል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሥራዬን መረቁልኝ። ለሌላው ሰው እንዲሁ ይፍጠንለት፤ የእኔን ሰው የሚመለከት ሲሆን ግን እባክህ ልጄ፣ ዘግየት ይበልልኝ አሉ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ባለ በሌለ ጉልበቴ ማዘግየት ላይ ነኝ። ባለ መርዶው ስልክ ላይ ምንም እንዳይደርስ፣ ሰው ሄዶ እስኪነግረው ድረስ ገጹ ቆሞ እንዲጠብቅ አድርጌ እየሠራሁት ነው፤ ሳልጨርስም አልተውም። የሙያ ጓደኞቼ ይህን ቢሰሙ ከማኅበራቸው ያስወጡኛል። ግን ለምን ዘገየ ብለው ቢጠይቁኝ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

ኔትወርክ ነው እላቸዋለሁ።