የቅርጫው አለቃ ጭንቀት

በቅዳም ሥዑር ጠዋት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ድንገት ያገኘኋቸውን ሰው እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሌላው በዓል ሲያከብር እሱ በዓሉን የሚሸከም። የእኛ ሰፈሩ ክቡር አያ አድማሴ ይባላሉ፤ የቅርጫ አለቃ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አይገኝም።

«አያ፣ በዚህ ጠዋት እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«የበሬ ገመድ ልገዛ ነዋ!»

መናኸሪያ ውስጥ ገመድ አይሸጥም። ዓይናቸውም መኪና ከሚገባበት በር አልተነቀለም። እኔም ገመድ ፈላጊ ሆኜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

አያ አድማሴ ስለ ፋሲካ መጨነቅ የሚጀምሩት ገና በደብረ ዘይት ነው። «ኧረ ጉድ ሳይሰማ ፋሲካ አይገባም!» እያሉ በየበሩ ይዞራሉ። አንድ ዓመት የቡሬን ገበያ በሬ ሁሉ ሲያማርጡ የአንዱ ዓይን አላማራቸውም፣ የሌላው አካሄድ። በመጨረሻ ገበዝ ማርያም ድረስ ወጥተው አንዱን ነዱት። ሰፈር ሲደርሱ ማን ማንን እንደነዳ መለየት አቃተን። በስቅለት ስንሰግድ ደግሞ ግንባራቸውን ከመሬት ሳያነሱ «ቢላዋህ ተስሏል?» ይሉኛል። «አቤቱ ይቅር በለን» ስል «አሜን፤ መጥረቢያውስ?» ብለውኛል።

ሕግም አላቸው። ሥጋው ከተመደበ በኋላ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ጠጠር፣ ስንጥር ወይም የጠርሙስ ክዳን ለዕጣ ይሰጣል፤ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። በቦታው ያልተገኘ ዕጣ የለውም፤ የተረፈውን ይወስዳል። አምና ጎረቤታችን ባምላኩ ቡሬ ላይ መኪና አጥቶ ሲያረፍድ የቆየለት አጥንት ብቻ ነበር። «ሕግ ነው!» አሉት አያ፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ አኮሳትረው።

ዘንድሮ ቅርጫውም እንደ ሰፈሩ ሳስቷል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ፤ ስልኩም እንደዚያው። ጎረቤታችን ሠርክአዲስ «ልጆቼ በሌሉበት ማንን ላብላ?» ብላ ከቅርጫው ማኅበር ወጣች። የአያ አንዲት ልጅ ያምሮት፣ ሊበን ከተማ አስተማሪ ናት፤ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ አላዩዋትም። ገመዱ እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ በመራዊ በኩል የመጣች ሚኒባስ ገባች። አያ ተነሡ። ወራጁ አለቀ። ሾፌሩ በሩን እየዘጋ «ከእኔ ወዲያ የሚመጣ የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል» አለ።

አያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ለካ ገመዱ እቤት አለ» አሉኝ። ሰፈር እስክንደርስ የተጨዋወትነው ስለ ገመድ ነው።

በማግሥቱ በሬው ታርዶ ሥጋው ተመደበ። ዕጣ ሲሰበሰብ አያ የራሳቸውን ስንጥር ሰጡና ቀጥለው ከኪሳቸው የበር ቁልፍ አወጡ። ያምሮት ስትሄድ ቆልፋ የተወችላቸው፣ የክፍሏ ቁልፍ ነው።

«ይህም ይግባ» አሉ፣ ማናችንንም ሳያዩ።

መደቦቹን አየን። ለካ ሲመድቡ አንድ ጨምረዋል።

ባምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ፣ ሕጉስ?»

አያ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሲሉ ባምላኩ ከእጃቸው ላይ ወሰደው።

«ሕጉማ የሚለው የቀረ ሰው ነው። ያምሮት መች ቀረች? መንገድ ላይ ናት። ደግሞስ እንደ እኔ አጥንት ስትግጥ ትክረም እንዴ?»

ቁልፉ ገባ። ሻኛው ያለበት መደብ ለቁልፉ ወጣ፤ ዕጣ ጣዩን የጠረጠረ ቢኖርም እሰየው አለ።

ወደ ማታ እንኳን አደረሰዎ ልል ብገባ አያ የልጃቸውን ድርሻ ለቋንጣ እየዘለዘሉ አገኘኋቸው። ጨው አነሰው ይላሉ፤ ድመት ይደርስበታል ይላሉ፤ ዝናብ ቢመጣስ ይላሉ። ከእኚህ ሰው ጭንቀት ስሸሽ ስንት በዓል አልፏል። ያን ዕለት ግን የመስቀያውን ገመድ ጫፍ ይዤ ቆምሁላቸው፤ ክንዴ እስኪዝል።

ልሄድ ስል «አያ፣ በዓሉም አለፈ። እስቲ አሁን እንኳ መጨነቁን ይተዉት» አልኋቸው።

«አይ ልጄ! መጨነቁን ከተውሁትማ አትመጣም ብያለሁ ማለት አይደል? ይልቅ ሳትሄድ ያንን ገመድ ወጠር አድርገው፤ ሥጋዋ መሬት ሊነካ ነው።»