የሃያብለው ሥርዓተ ትምህርት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አምስት ዓይነት ቅጠል ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌ አላውቅም፤ ተማሪዎቼን ግን ልኬ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ መጽሐፉ አዘዘኝ። የማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአገር ቤት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉም ከዚያው ነው የሚመጣው። በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ዕፅዋት አምስት ዓይነት ቅጠል ሰብስባችሁ ኑ ይላል። ያዘጋጁት ሰዎች አካባቢ ሲሉ ምን እንደታያቸው ይገባኛል። ጅቡቲ ግን አልታየቻቸውም።

በማግስቱ ልጆቹ መጡ። የመንገድ ዳሩን ኒም ዛፍ የገነጠለ አለ። የተምር ዝንጣፊ እየጎተተ የመጣ አለ። አንዱ በወረቀት ጠቅልሎ ሻይ ቅጠል አመጣ፤ ምን ትሉታላችሁ? የክፍሉ ግማሽ ያመጣው ግን ጫት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ሳየው ክው አልኩ። ይባስ ብሎ አንድ አባት ልጁን ተከትሎ መጣና፣ ትምህርት ቤቱ ጫት መሰብሰብ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። ጫቱን መልሼ ሰጠሁት።

ይኼ ነገር ኮሚቴ አመጣ። እኛ ሰዎች ግራ ሲገባን ኮሚቴ እናቋቁም የለ? ርዕሰ መምህሩ፣ እኔ፣ ከወላጆች ደግሞ ሆዳን ሰፈር የሚኖሩት የሐረሩ ነጋዴ ሐጂ ዩሱፍ ተመረጥን። ርዕሰ መምህሩ ከመጽሐፉ አንድ መስመር አይነካም አለ፤ ልጆቹ አገራቸውን በምን ይወቁት? ሐጂ ደግሞ፣ ይኼ ስለ ውርጭና ስለ ገብስ የሚያወራው ምዕራፍ ለማን ነው ብለው ተነሱ። የሳቸው ልጆች ውርጭ የሚያውቁት ፍሪጅ ውስጥ ነው። እሱን አውጡና ፈረንሳይኛ ጨምሩበት፣ ወደብ ላይ ሥራ የሚገኘው በሱ ነው አሉ። እኔ መሀል ሰፋሪ ነበርኩ። ስንከራከር ወራት አለፉ። ያን ሁሉ ጊዜ ለነገሩ አንዳችንም ልጆቹን አልጠየቅናቸውም።

ኮሚቴው ገና ውርጩ ላይ ተቀምጦ ሳለ እኅቴ ከድሬዳዋ ደወለች። እያለቀሰች ነው። ልጇ ሰዓዳ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። ለማንም ሳትናገር ጠፋች። እኅቴ አጠያይቃ እንደደረሰችበት፣ በጭነት መኪና ከጅቡቲ መግቢያ፣ ፔካ 12 ድረስ መጥታ እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ገብታለች፤ በየመን አድርጋ ሳዑዲ ልትሻገር ነው። እኅቴ፣ ልጄን ሳትይዝ እንዳትደውልልኝ አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሰው ሳጠያይቅ ሰዓዳ ያለችው ከከተማው ዳር ሃያብለ በሚባለው ሰፈር፣ ዘሀራ የምትባል ሴት ቤት ነው ተባለ። ዘሀራ ጅዳ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ወደዚያው የሚሻገሩ የአገሯን ሴቶች የምታሳርፍ ናት። ዕለቱ ዓርብ፣ የዚህ አገር የዕረፍት ቀን ስለነበር ትምህርት የለም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ከውስጥ የሴቶች ድምፅ በአንድነት ይሰማል። ቁርዓን እየቀሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ ድምፄን አጥፍቼ ገባሁ። ቁርዓን አልነበረም። «ሐዲር ማዳም» ነው የሚሉት። በእኛው አማርኛ «እሺ እመቤቴ» መሆኑ ነው። ዘሀራ በእንጨት ማንኪያ ግድግዳውን እየመታች ታስጠናቸዋለች።

ጥግ ላይ የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሟል። ከመብራትም ከውሃም አልተገናኘም። አንዷ ቁልፉን ታዞራለች፤ ሌላዋ አጠገቡ ቆማ የማሽኑን ድምፅ በአፏ ታሰማለች። ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቁ ጋር ግን ቅናትም መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ዓይኑን ሳይነቅል የሚከታተል ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። የሚያዛጋ የለም። ይኼ ምን ያደርግልናል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰዓዳ ከኋላ ተቀምጣለች። ስታየኝ አንገቷን ደፋች። ዘሀራ አጎቷ መሆኔን ስነግራት ጭራሽ አልደነገጠችም። ድሬዳዋ ያደገች ናትና አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። «ትምህርቱ ይለቅና ታዋራታለህ፤ አንተም መምህር ነህ አሉ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የነበረው ትምህርት የወንበር ትምህርት ነው።

የምትተኙበት ክፍል ከውስጥ ላይቆለፍ ይችላል አለቻቸው ዘሀራ፣ አንድ የእንጨት ወንበር አንስታ። ያን ጊዜ የወንበሩን መደገፊያ ከበሩ እጀታ ሥር እንዲህ ታስገቢያለሽ፤ እግሮቹን ከወለሉ እንዲህ ታስነክሻለሽ። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጊ። ይህን ሁሉ የምትናገረው ሽንኩርት አቁላሉ እንደምትል ሴት በረጋ ድምፅ ነው። ከዚያ ውጭ ወጣችና በሩን በትከሻዋ ትገፋው ጀመር። ልጆቹ በየተራ ወንበሩን ያስደግፋሉ። የተንሸራተተባት ተመልሳ ትሰለፋለች።

የሰዓዳ ተራ ደረሰ። ዘሀራ ገፋች። በሩ አልነቃነቅ አለ። ደግማ ገፋች፤ አሁንም። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ» አለቻት ከውጭ ሆና። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰዓዳ በኩራት ፈገግ አለች።

ይህቺን ልጅ እኔ በአራስነቷ ታቅፌያታለሁ። ደነገጥኩ ብላችሁ ያንሳል። ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሳ፣ ጎበዝ ተብላ የተጨበጨበላት በዚህ ነው? እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለ ውርጭ ስንከራከር፣ እዚህ ለካ በር አደጋገፍ ይጠናል።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ለመሆኑ እምቢ ማለትስ ታስተምሪያቸዋለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«እምቢ ያለች ትባረራለች። ካልተባረረችም ይብስባታል» አለችኝ። «እምቢታውን ወንበሩ ይበልላቸው።»

እንግዲያውስ እኔ አስተምራቸዋለሁ አልኩ። ትከሻዋን ነቀነቀችና ማንኪያዋን ሰጠችኝ። ልጆቹ ፊት ቆምኩ። እናንተ ብትሆኑ፣ ነገ ባሕር ለሚሻገር ሰው የምታስተምሩት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ምን ትመርጣላችሁ? እኔ የታየኝ አንዲት ቃል ናት። «ላ» በሉ አልኳቸው። በዓረብኛ እምቢ ማለት ነው፤ ከዚህ የሚቀል ትምህርት የለም።

«ላ» አሉ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው እየሳቁ። ፈቃድ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። ተናደድኩ። አፋችሁን ግለጡ፤ አትሳቁ፤ መሬት መሬት ሳይሆን ዓይን ዓይን እያያችሁ በሉ። እኔን አንድ ክፉ ሰው አድርጉኝ፤ እጃችሁን ይዤ አለቅም ብያለሁ እንበል። ምን ትሉኛላችሁ? «ላ» አሉ። እንደገና። «ላ»። በመጨረሻ የጣራው ቆርቆሮ አስተጋባ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሰዓዳ ድምፅ ነበር። ደረቴ ሞላ። መምህር መሆን እንዲህ ደስ ይላል ወይ አልኩ።

ማንኪያውን እንደያዝኩ ሰዓዳን ወደ ደጅ አወጣኋት። እናትሽ እህል አልቀምስ ብላለች አልኳት። እኔ ቤት ትሆኛለሽ፤ ፈረንሳይኛ ትማሪያለሽ፤ ሥራም አይጠፋም። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ።

«አጎቴ፣ አሥር ዓመት ስማር ለምን እንደምማር የነገረኝ ሰው የለም» አለችኝ በመጨረሻ። «እትዬ ዘሀራ ግን ገና በገባሁ ዕለት ነገረችኝ።»

ወንበር በር ላይ ወደሚደገፍበት ቤት እያወቅሽ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።

«ወንበሩን ችዬዋለሁ እኮ፤ አላየኸኝም?»

ወሬው አልሆን ሲለኝ እጇን ያዝኩ። በይ ነይ፣ ሚኒባሱ ሳይሄድብን፣ ሳልይዝሽ አልመለስም አልኳት። መሬት መሬት ታይ የነበረችው ልጅ ቀና አለች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አፏን አልሸፈነችም፣ አልሳቀችም።

«ላ» አለችኝ።

እጇን ለቀቅኩት። ወደ ውስጥ ገባች።

ዘሀራ በሩን ተደግፋ ስታየን ኖሯል። መጥታ ማንኪያዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«አየህ መምህር» አለችኝ፣ «እኔ ይህቺን ቃል የማላስተምረው ለዚህ ነው።»