ከእሺታ በፊት የኪሳራ መዝገብ

ጫማው ዝናብ የማይነካው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ልጄን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። «ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ሱቅ አለው» አሉኝ። ገጠር ጭቃ አይደለም እንዴ? ታዲያ ጫማው እንዴት እንዲህ ንጹሕ ሆነ? ዕዳ ቢኖርበትስ? ነገ የልጄ አልጋ ሳይቀር ቢሸጥስ?

አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ይጠየቃል። እዚህ ግን የከሰረ ሰው ስም ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ፤ ለጠየቀ ሁሉ ይነግራሉ።

«እማዬ፣ አበድሽ እንዴ?» አለች ልጄ።

«አንቺ ዝም በይ!» ብዬ በሜትሮ ባቡር ወንዙን ተሻግሬ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት ጫማ ማደሻ ያለውን የባሌን ስም ከነአባቱ ለጸሐፊው ታስጽፋለች። ዞር ስትል ልጄን የጠየቀው ልጅ እናት!

«ውይ እትዬ! ምነው እዚህ?» አልኳት።

«ጉንፋን ይዞኝ፣ መድኃኒት ፍለጋ።»

«ፍርድ ቤት?»

«እርስዎስ?»

«እኔንም ትንሽ ያስለኛል።»

የልጇን ስም እኔም አስጻፍኩ። ጸሐፊው ሁለቱንም ፈልጎ «የሉም» አለን።

ሁለታችንም እኩል ጮኽንበት፦ «ደህና አድርገህ ፈልግ እንጂ!»

ሰርጉ ቆይቶ ነው የሆነው፤ እኛ ግን የተዛመድነው እዚያ መስኮት ጋ ነው።